ውሃን ከማዕድን ስለ መለየት

ለመምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር



በጅቡቲ ከተማ መካከል፥ ከወደቡ በማይርቅ ስፍራ፥ ባለ ቅስት ነጫጭ ቤቶች የከበቡት አንድ አደባባይ አለ። የፈረንሳይ ሰዎች የዳግማዊ ምኒልክን ስም እንደ ቋንቋቸው ልማድ «ሜኔሊክ» እያሉ ስለሚጠሩ፥ ስፍራው ሜኔሊክ አደባባይ ሲባል ኖረ። ጅቡቲ ጁን 27 ቀን 1977 ነፃነቷን ካወጀች ወዲህ አደባባዩ የዚያን ቀን ስም ይዟል፤ ይሁን እንጂ የቀድሞው ስም ከሕዝቡ አንደበት ፈጽሞ አልጠፋም። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሞ ማስታወቅ ይገባል።

አደባባዩ በአንድ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ስም መጠራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የባቡሩ ሐዲድ ሥራ በጅቡቲ በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ወደ 784 ኪሎ ሜትር የሚጓዘውና ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣው ያ ሐዲድ፥ ቡናውንና ቆዳውን ወደ ባሕር ሲያወርድ፥ ጨርቁንና ጨውን ወደ ደጋ ያወጣ ነበር። በከተማዪቱ ዳር ከባሕር ውሃ ጨው የሚያወጣ ማምረቻ ነበረ፤ «ሳሊን» የሚለው ፈረንሳይኛ ቃል፥ ማለት የጨው ማምረቻ፥ እስከ ዛሬ በዚያች ከተማ የሰፈር ስም ሆኖ ይኖራል።

የዛሬው ንግግር ግን ስለ አደባባዩ ታሪክ አይደለም። በዚያ አካባቢ ወደ መርከብ ስለሚያልፈው ዕቃ፥ ይልቁንም ከዕቃው ጋር ሳይጋበዝ ስለሚጓዝ አንድ እንግዳ ነው፤ እንግዳውም ውሃ ነው። ማዕድን ከምድር ከወጣ ጀምሮ መርከብ ላይ እስኪጫን ድረስ ውሃ አይለየውም። በመጀመሪያ ረዳቱ ነው፤ ያጥበዋል፥ ይሸከመዋል፥ መልካሙን ከመናኛው ይለይለታል። ሥራው ሲያልቅ ግን ይኸው ረዳት ሸክም ይሆናል፤ ካልተጠነቀቁለትም ገዳይ ይሆናል። ስለዚህ ማዕድን አውጪ ውሃውን ሳይለይ «ሥራዬን ጨረስኩ» ቢል፥ ዕዳውን ለባቡር ነጂው፥ ለመርከበኛው ወይም ከግድብ በታች ለሚኖረው ገበሬ ማስተላለፉ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት አስቀድሞ የማዕድን ድፍርስ ምን እንደ ሆነ መናገር ያስፈልጋል። ወርቅም ሆነ መዳብ፥ ብረትም ሆነ ታንታለም፥ አብዛኛውን ጊዜ በድንጋይ ውስጥ በጥቂቱ ተበትኖ ይገኛል። ድንጋዩ ተሰብሮ እንደ ዱቄት እስኪልም ካልተፈጨ ማዕድኑ አይላቀቅም። ወፍጮውም የሚፈጨው ከውሃ ጋር ነው፤ ውሃው አቧራውን ያስቀራል፥ የተፈጨውንም በቧንቧ ወስዶ ወደሚቀጥለው ሥራ ያደርሳል። በዚህ ጊዜ የሚገኘው ውሃም አፈርም ያልሆነ፥ ከሁለቱም የተቀላቀለ ድፍርስ ነው። የሚፈለገው ማዕድን ከተወሰደ በኋላ ሁለት ድፍርስ ይቀራል፤ አንዱ ጥቂት ሆኖ ገበያ የሚሄደው፥ ሁለተኛው እጅግ ብዙ ሆኖ የሚጣለው። ከሁለቱም ውሃውን መለየት ግድ ነው።

ይህን ለመፈጸም ሰው ከጥንት ጀምሮ በሦስት ረዳቶች ሲጠቀም ኖሯል። የመጀመሪያው ፀሐይ፥ ሁለተኛው የነገሩ የራሱ ክብደት፥ ሦስተኛው ጨርቅ ነው። ዛሬ በታላላቅ ፋብሪካ የሚታየው መኪና ሁሉ ከነዚህ ከሦስቱ ወገን ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ከፀሐይ እንጀምር። ለዚህ ትምህርት ከጅቡቲ የተሻለ ስፍራ አይገኝም። ከዋና ከተማዋ በስተ ምዕራብ ያለው የአሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በአፍሪካ ከሁሉ የዝቅታ ስፍራ ሲሆን፥ የውሃው ጨዋማነት ከባሕር ውሃ አሥር ጊዜ ገደማ ይበልጣል። በኢትዮጵያም በኩል በዳሎል አጠገብ የአፋር ሰዎች ጨዉን ከመሬት እየፈነቀሉ፥ እየጠረቡ፥ በግመል እየጫኑ ወደ ደጋ ሲያወጡ ኖረዋል፤ አሞሌውም እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እንደ ገንዘብ ሲገበያዩበት የኖረ ነው። ይህን ሁሉ ጨው ከውሃው የለየች ፀሐይ ናት።

በባሕር ዳር ያሉ የጨው ማምረቻዎችም የሚሠሩት ተፈጥሮ በነዚህ ሐይቆች የሠራችውን በመኮረጅ ነው። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ውሃው ጥልቀት በሌለው ገንዳ ሲሰጣ ፀሐይና ነፋስ ያተኑታል። አስቀድሞ የኖራ ዘር የሆነው ካልሲየም ካርቦኔት ይዘቅጣል፤ ቀጥሎ ጅፕሰም ይረጋል፤ ውሃው ከመጀመሪያው ወደ አንድ አሥረኛ ሲቀንስ የምንበላው ጨው መውጣት ይጀምራል። በመጨረሻ የሚቀረው ማግኒዚየም የበዛበት መራራ ውሃ ነው። አዋቂ ጨው አምራች ይህን መራራ ውሃ ፀሐይ እስክታደርቀው አይጠብቅም፤ ከመድረቁ በፊት ያፈሰዋል፥ ጨዉንም ከምሮ ያንጠፈጥፈዋል። ፀሐይ ውሃውን እንጂ በውሃው ውስጥ የሟሟውን አትወስድምና፥ መራራው ውሃ በዚያው ቢደርቅ መራራው ጨው ከመልካሙ ጋር ይቀራል። ማድረቅና ማጥለል አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ ይታወቃል። ማድረቅ ውሃውን ብቻ ያስወግዳል፤ ማጥለል ግን በውሃው ውስጥ ያለውንም ቆሻሻ አብሮ ያስወጣል።

ፀሐይ በነፃ ትሠራለች፤ ነገር ግን ሰፊ ሜዳና ብዙ ቀን ትጠይቃለች፥ በደጋ ክረምትም ፊቷን ትሰውራለች። በፀሐይ ፈንታ እሳት ቢነድ ዋጋው የሚያስደነግጥ ነው። አንድ ኪሎ የፈላ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ወደ 2,260 ኪሎጁል ሙቀት ይፈጃል። ያንኑ አንድ ኪሎ ውሃ በከባቢ አየር አሥር እጥፍ ግፊት በጨርቅ ገፍቶ ለማስወጣት በሒሳብ የሚያስፈልገው ጉልበት አንድ ኪሎጁል ብቻ ነው። በእርግጥ መኪናው ራሱ የሚያባክነው ጉልበት ስላለ በተግባር ልዩነቱ እንዲህ አይሰፋም፤ ቢሆንም አስተዋይ ባለፋብሪካ አስቀድሞ በክብደትና በጨርቅ የሚቻለውን ያህል ካላስወጣ በቀር እሳት አያነድም።

ሁለተኛው ረዳት ክብደት ነው። በአዶላ ወርቅ የሚያጥበው ሰው ገበታውን በውሃ ውስጥ ሲያሽከረክር የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ከባዱ ወርቅ ከታች ይቀመጣል፥ ቀላሉ አሸዋ ከውሃው ጋር ይፈሳል። የጉራጌና የሲዳማ እናቶችም ከተፋቀው እንሰት የተጨመቀውን ውሃ አስቀምጠው ነጩ ሲዘቅጥ ላዩን ያፈሳሉ፤ የቀረውም ቡላ ይሆናል። ይህ ሥራ በትምህርት ቤት መጽሐፍ «ማዝቀጥ» ተብሎ ቢጻፍም፥ ተማሪው በእናቱ ቤት ሲያየው ያደገው ነገር ነው።

ይሁንና ክብደት ሁሉን በአንድ ዓይን አያይም። የአየርላንድ ተወላጁ የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ ጆርጅ ስቶክስ በ1851 ባወጣው ሕግ መሠረት፥ ደቃቅ ቅንጣት በውሃ ውስጥ የሚወርድበት ፍጥነት ከስፋቱ ስኩዌር ጋር ይመጣጠናል። ይኸውም የቅንጣቱ ስፋት በአሥር ቢያንስ ፍጥነቱ በመቶ ያንሳል ማለት ነው። የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ስፋት ያለው የአሸዋ ቅንጣት አንድ ሜትር ውሃ ለመውረድ ሁለት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ የሆነው ደቃቅ ግን ያንኑ አንድ ሜትር ለመውረድ ወደ 13 ቀን ይፈጅበታል፤ ይህም ውሃው ፈጽሞ ካልተነቃነቀ ነው። ወፍጮ በተሻሻለ ቍጥር፥ መናኛ ድንጋይም ለማዕድን በተፈለገ ቍጥር፥ ድንጋዩ ይበልጥ ስለሚልም ውሃውን መለየት እየከበደ የሚሄደው ስለዚህ ነው።

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ ደቃቆቹን እርስ በርስ ማያያዝ ነው። የሸክላ አፈር ደቃቅ በውሃ ውስጥ ሳለ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው አንዱ ሌላውን ይገፋል፤ በዚህም ምክንያት ሳይገናኝ ተንሳፍፎ ይኖራል። የሽፈራው ፍሬ ተወቅጦ በደፈረሰ ውሃ ሲጨመር ውሃው የሚጠልለው በፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን የተቃራኒ ሙል ባለቤት በመሆኑ፥ ደቃቆቹን አስታርቆ ስለሚያያይዛቸው ነው። አሉምም እንደዚሁ ያደርጋል። በፋብሪካ የሚጨመሩት ቅመሞች ደግሞ ረጃጅም ሞለኪውል ያላቸው ሆነው ደቃቁን እንደ ክር ይጠላልፉታል። ያን ጊዜ ደቃቁ እንደ እርጎ ቋጠሮ ሠርቶ፥ በሰፊ ክብ ገንዳ ውስጥ ቶሎ ይወርዳል፤ ከላይ የጠራው ውሃ ወደ ወፍጮው ይመለሳል፥ ከታች የወፈረው ጭቃ በቀስታ በሚዞር መጥረጊያ ወደ መካከል ተሰብስቦ ይወጣል። ውሃ በሚቸግርበት በረሃ የሚመለሰው ውሃ ራሱ እንደ ማዕድን የሚቆጠር ነው።

ከገንዳው ሥር የሚወጣው ጭቃ ግን ገና ውሃ የጠገበ ነው። ከዚህ በኋላ ሦስተኛው ረዳት፥ ጨርቅ፥ ይገባል። ጠጅ ያጠለለ ሰው ሁሉ የዚህን ሥራ ምስጢር በእጁ ያውቀዋል። ጠጁ በመጀመሪያ በጨርቁ ላይ ሲፈስ ጥቂት ደፍርሶ ይወርዳል፤ አተላው በጨርቁ ላይ መቀመጥ ሲጀምር ግን እየጠራ ይሄዳል፥ ፍጥነቱም እየቀነሰ ይመጣል። የሚያጠልለው ጨርቁ ብቻ ሳይሆን በጨርቁ ላይ የተነጠፈው አተላ ጭምር ነውና። ባለሙያዎች ይህን ንጣፍ «ኬክ» ይሉታል፤ በአማርኛ ቂጣ ቢባል ያስኬዳል።

የዲዦን ከተማን የውሃ ሥራ የሠራው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ ውሃ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፍበትን ሕግ በ1856 አሳተመ። በሕጉ መሠረት የሚያልፈው ውሃ ግፊቱ ሲጨምርና ስፍራው ሲሰፋ ይበዛል፤ ንጣፉ ሲወፍር ያንሳል፤ ቅንጣቱም ሲደቅቅ እጅግ ያንሳል። ከዚህ አንድ ጠቃሚ ምክር ይገኛል። ጭቃውን ገና ከመጀመሪያው በኀይል ቢጫኑት፥ ደቃቁ ወደ ጨርቁ ቀዳዳ ገብቶ ይደፍነዋል፤ ቂጣውም ከሥሩ ተጠቅጥቆ ውሃውን ይከለክላል። ስለዚህ ጥሩ ሠራተኛ በለዘበ ግፊት ጀምሮ፥ ቂጣው ቅርጽ ሲይዝ ግፊቱን ቀስ በቀስ ይጨምራል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት እዚህ እንደ መኪና መመሪያ ሊጻፍ የሚገባው ነው።

ግፊቱን ለማግኘት ሁለት መንገድ አለ፤ ከጨርቁ በታች አየሩን መምጠጥ ወይም ከጨርቁ በላይ መጫን። የመጀመሪያውን በሚመለከት የጅቡቲው ሐዲድ ራሱ መልካም አስተማሪ ነው። አየር ሲመጠጥ የሚሠራው ጉልበት የከባቢው አየር ክብደት ስለ ሆነ፥ ከእርሱ በላይ ኀይል ማግኘት አይቻልም። በሜኔሊክ አደባባይ፥ ማለት በባሕር ወለል፥ የአየር ክብደት ቢበዛ 10 ሜትር ከፍታ ያለውን የውሃ ዓምድ ይሸከማል። ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ ይህ ወደ 9 ሜትር፥ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ወደ 8 ሜትር ዝቅ ይላል። ስለዚህ በባሕር ዳር ጥሩ ሆኖ የተሞከረ የመምጠጫ ማጥለያ ወደ ደጋ ቢወጣ ሩቡን ያህል ጉልበቱን በመንገድ ጥሎ ይመጣል። ጥፋቱ የመኪናው ወይም የሠራተኛው አይደለም፤ የከፍታው ነው። በውጭ አገር መጽሐፍ የተጻፈውን ቍጥር ሳይመረምር የሚገለብጥ ሰው በደጋ አገር እንዲህ ባለው ነገር ይሳሳታል።

ሁለተኛው መንገድ መጫን ነው። ጨርቅ የለበሱ ብዙ ሳንቃዎች እንደ መጽሐፍ ገጽ ጎን ለጎን ይደረደራሉ፤ ጭቃው በመካከላቸው በፓምፕ ተገፍቶ ይገባል፤ ውሃው በጨርቁ አልፎ ይወጣል፤ በመጨረሻ ሳንቃዎቹ ሲከፈቱ ቂጣው ይወድቃል። ይህ መጭመቂያ ከከባቢ አየር አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ግፊት ሊሰጥ ስለሚችል፥ ከፍታ አያስቸግረውም። እንደ ጨውና እንደ ፖታሽ ያለው ጐላ ያለ ቅንጣት ግን በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ ቢገባ ይሻለዋል፤ የሽክርክሪቱ ኀይል ውሃውን ወደ ውጭ ወርውሮ ጥቂት ርጥበት ብቻ ያስቀርበታል። ለእያንዳንዱ ማዕድን የሚስማማውን ረዳት መምረጥ የመሐንዲሱ ዕውቀት የሚፈተንበት ነው።

እስከዚህ የተነገረው ስለ ዘዴው ነው። አሁን ደግሞ ዘዴው ሲጓደል ምን እንደሚደርስ እንመልከት።

በመጀመሪያ የሚታየው የኪሣራው ነገር ነው። ከመቶ 20 እጅ ርጥበት ያለው 100 ኵንታል ማዕድን ሲጫን፥ 20 ኵንታሉ ውሃ ነው፤ ለውሃውም ኪራይ ይከፈላል። በታጁራ ወደብ ያለውን ነገር ማሰብ ይበቃል። ይህ ወደብ በጁን ወር 2017 ሲመረቅ ከታሰበለት ሥራ ዋነኛው ከኢትዮጵያ የሚመጣውን የዳሎልን ፖታሽ መጫን ነበር። የዳሎል ፖታሽ ነገር በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በጣልያኖች ተጀምሮ፥ በ1960ዎቹ ፓርሰንስ በሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የተመረመረ የቆየ ተስፋ ነው። ነገር ግን ፖታሽ ሳይደርቅ ቢከማች እንደ ድንጋይ ይጋገራል፤ ማዳበሪያ ፈላጊም የተጋገረ ነገር አይገዛም። ከሐዲድና ከመንገድ በፊት፥ ማጥለልና ማድረቅ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ኪሣራ ግን ከሁሉ የቀለለው ጕዳት ነው። የከፋው በባሕር ላይ የሚደርሰው ነው። ደቃቅ ማዕድን በመርከብ ሆድ ውስጥ ሲከመር ደረቅ መስሎ ይታያል። መርከቡ በማዕበል ሲናወጥ ግን ቅንጣቶቹ ይጠጋጋሉ፤ በመካከላቸው ያለው ውሃ መውጫ ያጣል፤ ግፊቱም ቅንጣቱን ከቅንጣቱ ያላቅቃል። ያን ጊዜ ተራራ የነበረው ጭነት በድንገት እንደ ሾርባ ሆኖ ወደ አንድ ጎን ይፈሳል፥ መርከቡም ይገለበጣል። «በልክ ጁፒተር» የተባለው መርከብ ከማሌዢያ ባውክሳይት ጭኖ ሲሄድ፥ ጃንዋሪ 2 ቀን 2015 በቬትናም ባሕር እንዲህ ሆኖ ሰጠመ። ከ19 መርከበኞች የዳነው አንድ ብቻ ነው። ጭነቱ በብዙ ዝናብ ውስጥ የተከማቸ ስለ ነበረ፥ ርጥበቱ በደንቡ ከተወሰነው እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2011 ጀምሮ ሕግ ሆኖ የሚሠራው ዓለም አቀፍ ደንብ፥ እንዲህ ያለው ጭነት ወደ ፈሳሽነት ከሚለወጥበት የርጥበት መጠን ከመቶ 90 እጅ በላይ ርጥበት ይዞ እንዳይጫን ይከለክላል። በወደብ ቆሞ ርጥበት የሚለካው ሰው፥ ፊታቸውን አይቶ የማያውቃቸውን መርከበኞች ነፍስ የሚጠብቅ ነው።

ሁለተኛው አደጋ በየብስ ነው። ወደ ገበያ የማይሄደው ብዙው ድፍርስ፥ ውሃው ሳይለይ በግድብ ውስጥ ይጠራቀማል። በብራዚል በማሪያና አጠገብ ኖቬምበር 5 ቀን 2015 እንዲህ ያለ ግድብ ተንዶ 19 ሰዎች ሞቱ፤ ጭቃውም ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በወንዝ ተጕዞ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ገባ። በዚያው አገር በብሩማዲኞ ጃንዋሪ 25 ቀን 2019 የተናደው ግድብ 270 ሰዎች አጠፋ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በምሳ ሰዓት በሥራቸው ላይ የነበሩ ሠራተኞች ናቸው። ከዚህ ሁሉ የሚያስደነግጠው፥ ይህ ግድብ አዲስ ዝቃጭ መቀበል ካቆመ ሦስት ዓመት ገደማ ያለፈው መሆኑ ነው። ላዩ ሣር አብቅሎ ነበር፤ በውስጡ ግን ውሃው አልወጣም ነበር። በአፍሪካም በሴፕቴምበር 11 ቀን 2022 በደቡብ አፍሪካ በያገርስፎንቴይን የቆየ የአልማዝ ማዕድን ዝቃጭ ግድቡን ጥሶ ቤቶችን ጠራርጓል።

ስለዚህ በብዙ አገር፥ ዝቃጩን በመጭመቂያ አጥልሎ፥ እንደ ርጥብ አፈር በመኪና ጭኖ፥ እየረገጡ መከመር እየተለመደ መጥቷል። ይህ ዘዴ ግድብ ሙሉ ፈሳሽ ጭቃን ወደ ጸና ኰረብታ ይለውጣል፤ ውሃውንም ወደ ፋብሪካው ይመልሳል። እርግጥ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ብዙ ዝናብ ባለበት አገር ደግሞ ክምሩ በላዩ ውሃ እንዳይገባበት ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኢትዮጵያም ከዚህ ነገር ውጭ አይደለችም። በጉጂ በለገደንቢ ወርቁ የሚወጣው ድንጋዩን በመፍጨትና በሳይናይድ በማሟሟት ነው፤ በሌላም ክፍለ አገር አዳዲስ የወርቅ ሥራዎች ተጀምረዋል። ድንጋይ በተፈጨበት ሁሉ ደግሞ የዝቃጭ ነገር ይነሣል። ከግድብ በታች ከብቱን የሚያጠጣው ሰው «በዚህ ውስጥ ያለው ውሃ ምን ያህል ነው? ወዴትስ ይሄዳል?» ብሎ ለመጠየቅ መሐንዲስ መሆን አይጠበቅበትም፤ ጥያቄውን መጠየቅ እንደሚገባው ማወቅ ግን ይጠበቅበታል። ይህን ዕውቀት ወደ እርሱ የሚያደርሰው ማን ነው? ልጁ ነው፤ ልጁንም የሚያስተምረው መምህሩ ነው።

የተከበራችሁ መምህራን፤

ይህን ለማስተማር ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ሦስት ጠርሙስ፥ ጥቂት አሸዋ፥ ጥቂት የሸክላ አፈር፥ አንድ ቍራጭ ጨርቅ፥ አንድ ሚዛንና አንድ ምጣድ ይበቃሉ። በመጀመሪያው ጠርሙስ አሸዋና ውሃ፥ በሁለተኛው ሸክላና ውሃ፥ በሦስተኛው ሸክላና ውሃ ከተወቀጠ የሽፈራው ፍሬ ጋር ተደርጎ ይናወጥ። ተማሪዎቹ ሰዓት ይዘው መቼ እንደሚጠራ ይጻፉ። አሸዋው መምህሩ ንግግሩን ሳይጨርስ ይዘቅጣል፤ ሸክላው በማግሥቱም ደፍርሶ ይገኛል፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው ቀድሞ ሲጠራ ያያሉ። ስቶክስ የጻፈውን ሕግ በዓይናቸው ካዩ በኋላ ቀመሩ አያስፈራቸውም።

ሁለተኛው ትምህርት የሒሳብ ነው። ርጥብ ጭቃ ይመዘን፤ በምጣድ ደርቆ እንደገና ይመዘን፤ ልዩነቱ ለመጀመሪያው ክብደት ሲካፈል የርጥበቱ ልክ ይገኛል። ከዚያም እንዲህ ተብለው ይጠየቁ፦ ከመቶ 20 እጅ ርጥበት ያለውን 100 ኪሎ ጭቃ ወደ 10 እጅ ለማውረድ ስንት ኪሎ ውሃ መውጣት አለበት? ብዙዎቹ ፈጥነው «10 ኪሎ» ይላሉ። ደረቁ አፈር 80 ኪሎ ሆኖ ሳይለወጥ ስለሚቀር ግን፥ ትክክለኛው መልስ 11 ኪሎ ከ100 ግራም ያህል ነው። በዚህች ትንሽ ስሕተት ላይ ግማሽ ሰዓት መወያየት አሥር የቃል ጥያቄ ከማስጠናት ይበልጣል።

ሦስተኛው ደግሞ መርከበኞች ራሳቸው የሚያደርጉት ፈተና ነው። አንድ ቆርቆሮ እስከ እኩሌታው በርጥብ ደቃቅ አፈር ይሞላና፥ ከ20 ሳንቲሜትር ያህል ከፍታ በጠንካራ ነገር ላይ 25 ጊዜ፥ በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ልዩነት፥ ይመታ። በላዩ ውሃ ብቅ ቢል ወይም አፈሩ እንደ ሊጥ ቢላላ፥ ያ ጭነት ቤተ ሙከራ ሳያየው መጫን የለበትም። ውሃ ባይታይም ግን ደኅና ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ለእርሱ የተሟላ ምርመራ ያስፈልጋል። ተማሪው በዚህ ፈተና ሁለት ነገር ይማራል፤ ደረቅ የሚመስል ሁሉ ደረቅ አለመሆኑንና፥ የፈተናን ውጤት ከሚገባው በላይ ማመን እንደማይገባ። ሁለተኛው ትምህርት ከመጀመሪያው ይከብዳል፥ ይበልጥም ይጠቅማል።

ሐዲዱ ወደ ደጋ ሲዘረጋ ድንጋይ የሰበሩትና አፈር የተሸከሙት የብዙ አገር ሠራተኞች ነበሩ፤ ስማቸው በአደባባይ አልተጻፈም። ዛሬም በማዕድን ሥራ ጨርቁን የሚያጥበው፥ ቂጣውን የሚያወርደው፥ ርጥበቱን የሚለካው ሰው ስሙ አይነሣም። ሥራው ሲሰምር ምንም አይሰማምና። መርከቡ በደኅና ይደርሳል፥ ግድቡ ጸንቶ ይቆማል፥ ጨዉም ነጭ ሆኖ በገበታ ይቀርባል። የመምህርም ሥራ እንደዚሁ ነው። እርሱም በየዕለቱ የደፈረሰውን ሲያጠልል ይውላል፤ ቸኩሎ ቢጫን ጨርቁን ይደፍናል፥ በትዕግሥት ቢሠራ ግን የጠራው ይወርድለታል።

ወደፊት በሜኔሊክ አደባባይ አጠገብ ለሚያልፈው የማዕድን ጭነት ኀላፊ የሚሆነው ሰው ዛሬ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት በስድስተኛ ክፍል ተቀምጦ ይሆናል። ያን ቀን የርጥበቱ መጠን ከተወሰነው በላይ ሆኖ ሲያገኘው፥ አለቃው «ጫን» ቢለው እንኳ «አይሆንም፥ ገና አልጠለለም» ለማለት ዕውቀቱም ልቡም እንዲኖረው፥ የመጀመሪያው ጠርሙስ ዛሬ በክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥለት።